የፎርድ አምስት ዶላር ቸርነት አልነበረም፦ የአሜሪካን ለውጥ ለማሽን ብቻ ለሰጠ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ የሰነበተ አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ ደርሶኝ አነበብኩት። የሚያወራው በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አሜሪካ ከፈረስ ጋሪ ወደ መኪና፣ ከላምባ ወደ መብራት ስለተሻገረችበት ዘመን ነው። አጻጻፉ ይጥማል። ዋናው ክርክር ግን አልተዋጠልኝም። በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ ጥቂት ብልሆች መሣሪያ ፈጠሩ፤ መሣሪያው በፋብሪካ በብዛት ተመርቶ ረከሰ፤ ርካሹ መሣሪያ ሠራተኛውን ባለመኪና፣ የቤት እመቤቷን ባለ ትርፍ ጊዜ፣ ስደተኛውን አሜሪካዊ አደረገ፤ ይህ ሁሉ የሆነውም መንግሥት እጁን ስለሰበሰበ ነው። ሌላውም አገር ለፈጣሪዎቹ መንገድ ከለቀቀላቸው የቀረው በራሱ ይከተላል ብለው ጸሐፊው ይደመድማሉ።

መሣሪያዎቹ መጥተዋል፤ ዋጋቸውም ወርዷል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን መሣሪያው የማን ቤት እንደሚገባ፣ ማንን እንደሚያልፍ፣ ጉዳቱንስ ማን እንደሚሸከም የተወሰነው በአድማ፣ በሕግ፣ በፍርድ ቤትና በማኅበር በተደረገ ትግል ነው። ጸሐፊው ባስቀመጡት ቅደም ተከተል ነጥብ በነጥብ እሄዳለሁ፤ አንዳንዱ ላይ እቆያለሁ፣ አንዳንዱን ቶሎ አልፈዋለሁ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ነጥባቸው ሄንሪ ፎርድ ነው። ፎርድ በ1914 የቀን ክፍያውን አምስት ዶላር ያደረገው ሠራተኛው በእጁ የሚሠራውን መኪና ለራሱም መግዛት እንዲችል አስቦ ነው ይላሉ። ይህ ታሪክ መቶ ዓመት ሙሉ ሲነገር ስለኖረ የሚጠይቀው ጠፍቷል። እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። ፋብሪካው በዚያ ወቅት የነበረው ሠራተኛ 14 ሺህ ገደማ ነው። በ1914 ያመረተው መኪና ደግሞ ከ200 ሺህ ይበልጣል። ሠራተኛው አንድ ሳይቀር መኪና ቢገዛ የሚያነሣው የአንድ ወር ምርት እንኳ አይሞላም። በገዛ ሠራተኞቹ ኪስ ገበያ እፈጥራለሁ ብሎ የሚነሣ ነጋዴ ካለ፣ ፎርድን የመሰለ ሒሳብ አዋቂ አይሆንም።

ታዲያ ለምን ከፈለ? መልሱ ያለው ዲትሮይት አጠገብ በሚገኘው የሃይላንድ ፓርክ ፋብሪካ ውስጥ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በሆነው ነገር ላይ ነው። በ1913 ተንቀሳቃሹ የመገጣጠሚያ መስመር ተዘረጋ። የአንድ መኪና ሻሲ መገጣጠም ከዚያ በፊት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጅ ነበር፤ መስመሩ ከተስተካከለ በኋላ ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ወረደ። ትናንት ባለሙያ ይባል የነበረው ሰው ግን ዛሬ ቀኑን ሙሉ አንዲት ብሎን ሲያጠብቅ ይውል ጀመር፤ ፍጥነቱን የሚወስንለትም ከፊቱ የሚያልፈው ሰንሰለት ሆነ። ሰው አልቻለውም፤ እየጣለ ሄደ። በ1913 ብቻ ፋብሪካው 14 ሺህ ሰው ሥራ ላይ ለማቆየት ከ52 ሺህ በላይ ሰው መቅጠር ነበረበት። አዲስ ሰው በገባ ቁጥር ማሳየት አለ፣ መሳሳት አለ፣ የአንዱ መዘግየት ደግሞ መስመሩን ሁሉ ያዘገየዋል። አምስቱ ዶላር ሰውን እመስመሩ ላይ አስሮ የሚያቆይ ዋጋ ነበር። ሠርቷልም፤ በ1914 ሥራ የሚለቀው ሰው መጠን ከቀድሞው ወደ ሰባተኛ እጅ ወርዷል።

ጸሐፊው ፈጽሞ ያላነሡት ሌላ ጉዳይ አለ። አምስቱ ዶላር ሙሉው ደመወዝ አልነበረም። መደበኛው ክፍያ 2 ዶላር ከ34 ሳንቲም ገደማ ነበር፤ የቀረው የትርፍ ድርሻ ተብሎ የሚታሰብና ተመርማሪው ሲያልፍ ብቻ የሚሰጥ ነው። ኩባንያው ለዚህ ምርመራ አንድ ክፍል አቋቋመ። የክፍሉ ሰዎች ሠራተኛው ቤት ድረስ እየሄዱ ይጠጣ እንደሆነ፣ ባንክ ያስቀምጥ እንደሆነ፣ ቤቱ ንጹሕ መሆኑን፣ ተከራይ አስጠግቶ እንደሆነ፣ በሕግ ያገባ መሆኑን ይጠይቁና ይጽፉ ነበር። ሴቶች ሠራተኞች መጀመሪያ ላይ ከነጭራሹ አልታቀፉም። ያላለፈው ሰው እስኪታረም በመደበኛው ክፍያ ይቆያል፤ ካልታረመ ይሰናበታል።

የክፍያው አዋጅ የወጣው ጃንዋሪ 5 ነው። ከሁለት ቀን በኋላ የኦርቶዶክሳውያን ገና ነበር፤ በእኛ ታኅሣሥ 29። በፋብሪካው የሚሠሩ ግሪኮችና ሩሲያውያን በዓላቸውን ሊያከብሩ ቀሩ። ኩባንያው ከ800 እስከ 900 የሚደርሱትን በአንድ ጊዜ አባረራቸው፤ አሜሪካን አገሬ ብሎ የሚኖር ሰው የአሜሪካን በዓል ያክብር የሚል ምክንያት ተሰጥቶ። ዛሬ ዋሽንግተን ወይም ዳላስ ሆኖ ለገና ፈቃድ የሚጠይቅ ወገናችን የነገሩን ክብደት ለመረዳት ማብራሪያ የሚያሻው አይመስለኝም። ጸሐፊው ቸር አሠሪ ያሏቸው ሰው ቸርነታቸው በዚያው ሳምንት እስከ የት እንደደረሰ ይኸው።

ለፍትሕ ስል አንድ ነገር ልጨምር። በፎርድ ፋብሪካ የሥራ ቀኑ ከዘጠኝ ሰዓት ወደ ስምንት መውረዱ ቀላል ነገር አልነበረም፤ የአሜሪካ የብረት ማቅለጫዎች ሠራተኞቻቸውን በቀን አሥራ ሁለት ሰዓት የማሠራቱን ልማድ መተው የጀመሩት በ1923 ነውና። እዚያም ቢሆን ነገሩ በቸርነት አልመጣም። በ1919 ታላቅ አድማ ተደርጎ ከሽፏል፤ ከዚያ በኋላም የሃይማኖት አባቶች ሪፖርትና የፕሬዚዳንት ሃርዲንግ ግፊት አስፈልጎታል።

ሁለተኛው ነጥብ የመኪናው ዋጋ መውረድ ብቻውን አገሩን አንቀሳቀሰ የሚለው ነው። የፎርድ ሞዴል ቲ በ1908 ሲወጣ 850 ዶላር ገደማ ነበር፤ በ1920ዎቹ አጋማሽ ከ300 ዶላር በታች ተሸጧል። እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ፤ ለገጠሩ ሰው በተለይ ነገሩ ትልቅ ነበር። ግን መኪና በምን ላይ ይሄዳል? በዘመኑ መጀመሪያ የአሜሪካ ገጠር መንገድ ዝናብ ሲጥል ማጥ ነው። መንገዱን የሠራው ማንም ፈጣሪ ሳይሆን ቀረጥ ነው። ኮንግረስ በ1916 ለመንገድ ሥራ የፌዴራል ድጎማ ፈቀደ፤ በ1921 አጠናከረው። ኦሪገን በ1919 በቤንዚን ላይ ቀረጥ ጣለች፤ በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ ሁሉም ግዛቶች ተከተሏት። መንግሥት እጁን ሰብስቦ ቢሆን ኖሮ ሞዴል ቲ ጭቃ ውስጥ ቆሞ ይቀር ነበር።

የመኪና ግዥውን ያቀጣጠለው ደግሞ የዱቤ ሽያጭ ነው። ጄኔራል ሞተርስ በ1919 ለዚሁ ሥራ የብድር ኩባንያ አቋቋመ፤ በ1920ዎቹ ማብቂያ ላይ አብዛኛው መኪና የሚገዛው በየወሩ እየተከፈለ ነበር። ሠራተኛውን ባለመኪና ሊያደርግ ተነሣ የተባለው ፎርድ ግን ዱቤን ይጠላ ነበር። በ1923 ያወጣው ዘዴ ገዥው በየሳምንቱ አምስት ዶላር እንዲያስቀምጥና ሙሉው ዋጋ ሲሞላ ብቻ መኪናውን እንዲወስድ የሚያደርግ ነበር፤ ዕጣው መጨረሻ ላይ ብቻ የሚወጣ ዕቁብ በሉት። ገበያው አልተቀበለውም። ፎርድ እጁን ሰጥቶ የራሱን የብድር ኩባንያ ያቋቋመው በ1928 ነው። ጸሐፊው በመኪናው ምክንያት በከተማ ጎዳና ስላለቀው ሰውም አንድ ቃል አልተነፈሱም፤ በ1920ዎቹ አሥር ዓመታት ውስጥ በአሜሪካ በመኪና አደጋ የሞተው ሰው ከ200 ሺህ በላይ ነው፤ ከተማ ውስጥ ብዙዎቹ እግረኞች ናቸው፣ ሕፃናትም ነበሩባቸው።

ሦስተኛ፣ መብራት። ጽሑፉ በ1930 አሜሪካ በኤሌክትሪክ ተጥለቅልቃ እንደነበር ይናገራል። የትኛዋ አሜሪካ? በከተማ ከአሥር ቤት ወደ ዘጠኙ መብራት ነበረው። በእርሻ ግን ከአሥር አንዱ ቤት ብቻ። ይህ ልዩነት የመጣው ቴክኖሎጂው ስላልደረሰ አልነበረም፤ ኤዲሰን ኒው ዮርክ ውስጥ ማመንጫውን የከፈተው በ1882 ነው፤ ሃምሳ ዓመት ሊሞላ ነው። ኩባንያዎቹ ያሉት ግልጽ ነበር፤ በአንድ ማይል ሽቦ ላይ ሁለት ሦስት ደንበኛ ካለ አያዋጣንም። ከነጋዴ ወገን ሲታይ ትክክል ናቸው። ገበሬው ግን በከተማው ብርሃን ዳር ተቀምጦ በላምባ መኖሩን ቀጠለ፤ ሚስቱም ውኃ ከጉድጓድ መቅዳቷን አላቆመችም።

የተቀየረው በ1935 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የገጠር ኤሌክትሪክ አስተዳደርን ካቋቋሙ በኋላ ነው። መሥሪያ ቤቱ ገንዘቡን በዝቅተኛ ወለድ በብዛት ያበደረው ገበሬዎቹ ራሳቸው ለመሠረቱት የኅብረት ሥራ ማኅበር ነበር። የአባልነት መዋጮው ስንት ነበር ብትሉ፣ በአብዛኛው አምስት ዶላር። (የዚህኛው አምስት ዶላር ታሪክ በጸሐፊው ጽሑፍ ውስጥ አለመኖሩ ያሳዝናል።) በ1950ዎቹ አጋማሽ መብራት የሌለው እርሻ ከአሥር አንድ እንኳ አልነበረም። ሃምሳ ዓመት ገበያው ያላደረገውን ማኅበርና የመንግሥት ብድር በሃያ ዓመት አደረጉት።

ስልክም ቢሆን ለጸሐፊው ክርክር አይመችም። ትልቁ የቤል ኩባንያ ገጠሩን ቸል ሲለው ገበሬዎች ተሰባስበው የራሳቸውን መስመር ዘረጉ፤ አንዳንድ ቦታ የከብት አጥራቸውን እሾሃማ ሽቦ ሳይቀር የስልክ መስመር አደረጉት። በ1920 ከእርሻ ቤቶች ወደ 39 በመቶ የሚሆኑት ስልክ ነበራቸው፤ መብራት ካላቸው ብዙ እጥፍ ማለት ነው። የሲርስ ኩባንያ በካታሎግ ለገጠሩ ሁሉንም ነገር እንደሸጠ ጸሐፊው በአድናቆት ጽፈዋል። ካታሎጉን ገበሬው ደጃፍ ያደረሰው ማን እንደሆነ ግን አልጻፉም። በ1896 ለሙከራ ተጀምሮ በ1902 ቋሚ የሆነው ነፃ የገጠር ፖስታ፣ ከዚያም ከጃንዋሪ 1 ቀን 1913 ጀምሮ የመንግሥት ፖስታ ቤት ጥቅል የማድረስ አገልግሎት ነው። ከዚያ በፊት ከበድ ያለ ጥቅል የሚያመላልሱት የግል ኩባንያዎች ነበሩ፤ ዋጋቸው አይቀመስም። አገልግሎቱ ሲጀመር ጥቂት ወላጆች ቴምብር ለጥፈው ሕፃናቶቻቸውን በፖስታ ለአያቶቻቸው ልከዋል፤ ቀልድ አይደለም፣ ኋላ መከልከል አስፈልጓል።

አራተኛው ነጥባቸው የልብስ ማጠቢያ ማሽንና የኤሌክትሪክ ካውያ ሴቶችን ነፃ አወጡ፣ ያገኙት ትርፍ ጊዜም የመምረጥ መብት አስገኘላቸው የሚል ነው። ሁለቱም ግማሽ ይሳሳታሉ። ውኃ ተሸክሞ አለመምጣት፣ እንጨት አለማንደድ እፎይታ መሆኑን የሚክድ ሰው ውኃ ተሸክሞ የማያውቅ ብቻ ነው። ነገር ግን በ1920ዎቹ የቤት ሠራተኛ የሌላቸውን እመቤቶች ጊዜ የለኩ ጥናቶች የቤት ሥራው በሳምንት ከ50 ሰዓት በላይ እንደሚወስድ አገኙ፤ በከተማም፣ በገጠርም። መሣሪያ ሞልቶ ሥራው ለምን አልቀነሰም? መጀመሪያ ነገር ከቤት ሥራ የወጡት ወንዱና ልጆቹ ናቸው፤ እንጨት መፍለጥ፣ ከሰል ማመላለስ፣ አመድ መድፋት የነሱ ድርሻ ነበር፣ ጋዝና መብራት ሲመጣ እነሱ ተገላገሉ። የእናትየው ድርሻ ግን ማሽኑ አጠገብ ቆሞ ቀረ። ቀድሞ ለአጣቢ ወይም ለላውንደሪ ይሰጥ የነበረው ልብስም ወደ ቤት ተመለሰ፤ ገረዶች ወደ ፋብሪካና ወደ ቢሮ ሲሄዱ ሥራቸው ወደ እመቤቷ ዞረ። የንጽሕና መለኪያውም አብሮ ከፍ አለ። በሳምንት አንዴ ይቀየር የነበረው ሸሚዝ በየቀኑ የሚቀየር ሆነ፤ የሳሙና ማስታወቂያው ደግሞ ያላደረገችውን እናት ያሳፍራል።

የመምረጥ መብቱን በተመለከተ አጭር ነኝ። ጥያቄው በይፋ ከተነሣበት ከ1848ቱ የሴኔካ ፎልስ ጉባኤ እስከ 1920 ድረስ 72 ዓመት ፈጅቷል። በ1917 ሴቶች ዋይት ሀውስ በር ላይ ሰሌዳ ይዘው ሲቆሙ ተይዘው ታሰሩ፤ የረኀብ አድማ ሲያደርጉ በጉሮሯቸው ቱቦ እየተከተተ በግድ ተመገቡ። ማጠቢያ ማሽን ያመጣው መብት ቢሆን ይህ ሁሉ ባላስፈለገ። በደቡብ የነበሩ ጥቁር ሴቶችም ከ1920 በኋላ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት እንዳይመርጡ ተደርገዋል።

አምስተኛው የሁሉም ማገር ነው፦ መንግሥት እጁን ሰበሰበ። በዚህ ላይ ልቆይ።

ከማርች 25 ቀን 1911 ልጀምር። ኒው ዮርክ፣ ትራያንግል የሚባል የሴቶች ሸሚዝ ፋብሪካ፣ ቅዳሜ፣ ሥራ ሊያበቃ ሲል። ፋብሪካው ያለው በአንድ ዘመናዊ ሕንጻ ስምንተኛ፣ ዘጠነኛና አሥረኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት አለው፤ እሳት የማይበግረው የተባለ ግንባታ ነው። እሳቱ ከስምንተኛው ፎቅ ተነሣ። ዘጠነኛው ፎቅ ላይ ከነበሩት ሁለት መውጫ በሮች አንዱ ተቆልፎ ነበር፤ ሠራተኞች ጨርቅ ሰርቀው እንዳይወጡ በአንድ በር ብቻ እየተፈተሹ ነበር የሚወጡት። የውጪው የብረት መሰላል ከሰዉ ክብደት የተነሣ ተገንጥሎ ወደቀ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች መሰላል የሚደርሰው እስከ ስድስተኛው ፎቅ ብቻ ነው። በሩብ ሰዓት ገደማ ውስጥ የ146 ሰው ሕይወት ጠፋ፤ አብዛኞቹ ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ አይሁድና ጣሊያናውያን ወጣት ሴቶች፤ ብዙዎቹ በመስኮት ዘለው። ሕንጻው ግን እሳት አይበግረውም እንደተባለው አልፈረሰም፤ ዛሬም ቆሟል፣ ዩኒቨርሲቲ ይጠቀምበታል። ቴክኖሎጂው የተባለለትን አድርጓል። በሩን የቆለፈው ሰው ነው።

ባለቤቶቹ ተከስሰው በዚያው ዓመት ዲሴምበር ነፃ ወጡ። ከሦስት ዓመት በኋላ በፍትሐ ብሔር ክስ ለአንድ ሟች ቤተሰብ 75 ዶላር ገደማ ከፈሉ፤ ከኢንሹራንስ ያገኙት ከዚያ የበለጠ ነበር። ቀድሞም በ1909 የከተማዋ ሸሚዝ ሰፊ ሴቶች በብዙ ሺዎች አድማ ሲመቱ የማኅበሩን ጥያቄ እምቢ ብለው ከጸኑት አሠሪዎች አንዱ ይኸው ፋብሪካ ነበር። ከእሳቱ በኋላ ግን የግዛቱ ምክር ቤት መርማሪ ኮሚሽን አቋቋመ፤ ኮሚሽኑ ፋብሪካ ለፋብሪካ ዞሮ ከ30 በላይ ሕጎች እንዲወጡ አደረገ፤ ወደ ውጪ የሚከፈት በር፣ የእሳት ልምምድ፣ ውኃ የሚረጭ ቧንቧ፣ የሥራ ሰዓት ገደብ። ያን ዕለት ከመንገድ ዳር ቆማ ሴቶቹ ሲወድቁ ያየችው ፍራንሲስ ፐርኪንስ ለኮሚሽኑ ሠርታለች፤ በ1933 የሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነች፤ በአሜሪካ ካቢኔ የመጀመሪያዋ ሴት።

ስለ ሕፃናት ጉልበትም ጸሐፊው ማሽን ሲመጣ የልጅ ጉልበት አላስፈላጊ ሆነ ይላሉ። በደቡብ ጥጥ ፈታይ ፋብሪካዎች የሆነው ተቃራኒው ነው። አዲሱ ፈታይ ማሽን የጡንቻ ኃይል ስለማይጠይቅ፣ የተበጠሰ ክር የሚቀጥል ትንሽ እጅ በቂ ሆነ፤ ማሽኑ ራሱ ልጆቹን ጋበዛቸው። ሉዊስ ሃይን ከ1908 ጀምሮ እየዞረ ባነሣቸው ፎቶዎች ውስጥ ክሩ ላይ ለመድረስ ማሽኑ ላይ የሚወጡ ልጆች አሉ። የ1900ው ቆጠራ ከ10 እስከ 15 ዓመት ያሉ ተቀጣሪ ልጆችን 1 ሚሊዮን 750 ሺህ ገደማ ያደርሳቸዋል። ኮንግረስ በ1916 ሕግ አወጣ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1918 ሻረው። በቀረጥ መልክ እንደገና ወጣ፤ በ1922 ደግሞ ተሻረ። የጸናው የ1938ቱ ሕግ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት የወሰደ ሙግት በራሱ ተከተለ በሚል ቃል አይጠቀለልም።

የቺካጎ ቄራዎችን ስለመሳሰሉት የምግብ ፋብሪካዎች ንጽሕና በሁለት መስመር፦ የሥጋ ቁጥጥርና የምግብና የመድኃኒት ንጽሕና ሕጎች ሁለቱም የተፈረሙት በአንድ ቀን፣ ጁን 30 ቀን 1906 ነው። ከዚያ በፊት ወተት ውስጥ ፎርማሊን (ሬሳ እንዳይበሰብስ የሚደረግበት ኬሚካል) ይጨመር ነበር፤ ገበያው ዝም ብሎት። ጸሐፊው የዕድሜ መርዘሙን ለብልጽግና ሰጥተውታል፤ አማካዩ የዕድሜ ግምት በ1900 ከነበረበት 47 ዓመት ገደማ በ1930 ወደ 60 የደረሰው ግን በብዙ ከተማ የቧንቧ ውኃ በመጣራቱና፣ በ1908 ጀርዚ ሲቲ እንደጀመረችው፣ በክሎሪን በመታከሙ፣ በወተት ቁጥጥርና በጤና መኮንኖች ሥራ ጭምር ነው። ታይፎይድን ያጠፋው ራዲዮ አይደለም።

ስድስተኛ፣ ስደተኞች። ጽሑፉ ፋብሪካው ከየአገሩ የመጣውን ሁሉ አቅልጦ አንድ ሕዝብ አደረገ ይላል። ፎርድ በእርግጥ የእንግሊዝኛ ትምህርት ቤት ነበረው፤ በምረቃው ቀን ተመራቂዎቹ የአገር ልብሳቸውን ለብሰው መድረክ ላይ ወደተሠራ ትልቅ ድስት ይገባሉ፣ ሙሉ ልብስ ለብሰው የአሜሪካ ባንዲራ እያውለበለቡ ይወጣሉ። ጸሐፊው ትርኢቱን እንደ ታሪክ ወስደውታል። ታሪኩ የ1924ቱ ሕግ ነው። በ1907 ብቻ ወደ 1 ሚሊዮን 285 ሺህ ስደተኛ ያስገባችው አገር በ1924 በየአገሩ ኮታ አበጀች፤ የኮታው መነሻም የ1890 ቆጠራ እንዲሆን ተደረገ፤ ጣሊያኖች፣ አይሁድና ፖላንዶች በብዛት ያልገቡበት ዘመን ሆን ተብሎ ተመርጦ። የጣሊያን ድርሻ በዓመት ከ4 ሺህ በታች ወረደ፤ እስያውያን ጨርሶ ተከለከሉ። የእኛም አገር በዚያ ዝርዝር ላይ አለች፤ የተፈቀደላት በዓመት 100 ሰው ነበር፤ ዝቅተኛው ቁጥር። ድስቱ የቀለጠውን ከመቁጠሩ በፊት ክዳኑ ተዘግቷል።

ጥቁሮችን ጸሐፊው በአንድ ዐረፍተ ነገር አልፈዋቸዋል፤ የሰሜን ፋብሪካዎች በራቸውን ከፈቱላቸው ብለው። ከ1910 እስከ 1940 ከደቡብ የወጣው ጥቁር ሕዝብ 1 ሚሊዮን 600 ሺህ ገደማ ነው። በሩ የተከፈተው የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የአውሮፓን ስደተኛ ሲያቆምና አሠሪው ሰው ሲያጣ ነበር። ከደቡብ የገፋቸው ደግሞ ጥጡን የበላው ተባይ፣ ከዕዳ የማያወጣ የእኩል አራሽነት ኑሮና በየመንደሩ ያለ ፍርድ መሰቀል ነው። ጥቁሮች ወደ ሰሜን እንዲመጡ ይወተውት የነበረውን የጥቁሮች ጋዜጣ፣ ቺካጎ ዲፌንደርን፣ የባቡር አስተናጋጆች በሥውር ወደ ደቡብ ያደርሱ ነበር፤ የደቡብ ባለ ሥልጣናት በበኩላቸው ሠራተኛ የሚመለምሉ ወኪሎችን ያስሩ፣ ተጓዦችን ከጣቢያ ይመልሱ ነበር። ሰሜን ከደረሱ በኋላም በጁላይ 1919 ቺካጎ ውስጥ በሐይቁ ዳር በተጀመረ ግጭት 38 ሰው ሞቷል፤ መነሻው አንድ ጥቁር ወጣት በማይታይ የዘር ድንበር አልፎ በመዋኘቱ በድንጋይ መወገሩ ነው። ፎርድ ከሌሎቹ የመኪና ፋብሪካዎች የበለጠ ጥቁር ሠራተኛ ቀጥሯል፤ ይህ ይመዝገብለት። ብዙዎቹን ያሠራቸው ግን እሳቱና አቧራው በበዛበት የብረት ማቅለጫ ክፍል ነው።

የመጨረሻው ነጥባቸው የ1920ዎቹ ብልጽግና ሁሉንም አዳረሰ፤ ከኋላ የቀረው ማሽን ያልተቀበለ ገበሬ ብቻ ነው የሚል ነው። ያቀረቡት ማስረጃ የአማካይ ገቢ ማደግ ነው። በ1928 ከአገሩ ገቢ ሩብ ሊሞላ ምንም ያህል ያልቀረውን የወሰደው ከመቶ አንዱ ሰው ስለሆነ፣ አማካዩ የገበሬውን ኑሮ አያሳይም። ገበሬው ደግሞ ማሽን አልናቀም። በጦርነቱ ጊዜ ስንዴ ከሁለት ዶላር በላይ ሲሸጥ መንግሥትም ባንኩም አስፋ፣ ዝራ ብለውት መሬትና ትራክተር ገዛ። አውሮፓ ወደ እርሻዋ ስትመለስ በ1921 ዋጋው ወደ አንድ ዶላር ወረደ፤ ዕዳው ግን አልወረደም። ትራክተሩና መኪናው ራሳቸው ደግሞ ነገሩን አባባሱት። አሜሪካ በዘመኑ ወደ 26 ሚሊዮን የሚጠጋ ፈረስና በቅሎ ነበራት፤ ከታረሰው መሬት ሩብ ያህሉ የነሱን ቀለብ ያበቅል ነበር። እንስሳቱ በቀነሱ ቁጥር ያ መሬት ለገበያ የሚሆን እህል ማብቀል ጀመረ፤ በሞላ ገበያ ላይ ሌላ እህል ተጨመረ፣ ዋጋውም ይበልጥ ተጫነ። ከ1921 እስከ 1929 ባለው ጊዜ፣ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ገና ሳይመጣ፣ ከ5 ሺህ በላይ የአሜሪካ ባንኮች ተዘግተዋል፤ አብዛኞቹ የገጠር ከተማ ትናንሽ ባንኮች ናቸው፣ ያበደሩትም ለእነዚሁ ገበሬዎች። በሐራጅ እርሻቸው ከተሸጠባቸው ሰዎች መካከል በ1918 እና በ1919 ተበድረው ትራክተር የገዙ ብዙ ነበሩ።